ከዳኛ በፊት ምስክር

«ደስ ይላል፣ ቲቸር።»

አንድ ልጅ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት እስክስታ መትቶ፣ ላቡን በሹራቡ እጅጌ እየጠረገ ወደ ዴስኩ ሲመለስ፣ ክፍሉን «እንዴት ነበር?» ብዬ ስጠይቅ የሚመጣልኝ መልስ ይህ ነው። ሌላው «አሪፍ ነው» ይላል። ከኋላ በኩል አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይደብራል» ይላል፤ ዞር ስል ግን ማን እንዳለው አይታወቅም። የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባለውን ትምህርት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እነዚህን ሦስት መልሶች የማልሰማበት ሳምንት የለም። መጀመሪያ ሰሞን የልጆቹ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ኋላ ራሴን ታዘብኩ። ከቴአትር ቤት ስወጣ፣ ደጃፉ ላይ ያገኘሁት ወዳጄ «እንዴት አገኘኸው?» ሲለኝ «ቆንጆ ነው» እልና ወደ ታክሲ ሰልፉ እሮጣለሁ። ሰዎች ወራት የደከሙበትን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ላባቸውን ያፈሰሱበትን ሥራ በሁለት ቃል ዘግቼው ሄድኩ ማለት ነው።

«ደስ ይላል» የሚለውን አነጋገር ቀረብ ብለን ብናየው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ደስ ያለው ማን እንደ ሆነ አይናገርም። «ደስ አለኝ» ብል እኔ አለሁበት፤ ብጠየቅ መልስ አለብኝ። «ደስ ይላል» ስል ግን ከነገሩ ወጥቻለሁ፤ ስኳር ይጣፍጣል፣ ኮሶ ይመራል እንደማለት፣ ደስታው የጭፈራው ጠባይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አማርኛችን ሁለቱንም መንገድ ከፍቶልናል፤ እኛ ተጠያቂ የማያደርገውን እንመርጣለን። ስለዚህ በክፍሌ ውስጥ ያወጣሁት የመጀመሪያው ደንብ የሰዋስው ደንብ ነው። «ደስ ይላል» አይባልም፣ «ደስ አለኝ» ይባላል። ከዚያ ቀጥሎ «ለምን?» ብዬ አልጠይቅም። «ለምን?» ልጅን ሰበብ ፍለጋ ይሰድደዋል፤ መምህሩ ሊሰማ የሚፈልገው ምን ይሆን ብሎ ማሰብ ይጀምራል። «መቼ ላይ?» እለዋለሁ። «መቼ ላይ ነው ደስ ያለህ?» ያኔ ዓይኑ ከእኔ ላይ ይነሣና ወዳየው ነገር ይመለሳል። ጥቂት ዝም ይላል። «ትከሻው ቆሞ አንገቱ ብቻ ሲሄድ» ይላል። ትምህርቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ የምንጠቀምባቸው ቃላት ራሳቸው ታሪክ ተሸክመዋል። «ግምገማ» እንላለን። ቃሉ በተፈጥሮው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ምን ሲሠራ እንደኖረ የልጆቹ ወላጆች በደንብ ያውቁታል። ሰው ተነሥቶ የባልደረባውን ድክመት የሚዘረዝርበት፣ የተነገረበትም አንገቱን ደፍቶ «እቀበላለሁ» የሚልበት መድረክ ነበር። «ሒስ» እንዳንል፣ ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን «ሒስና ግለ ሒስ» እያለ ያንኑ ቃል በቀበሌ አዳራሽ አድክሞታል። ስለ ኪነ ጥበብ የሚናገሩ ሁለት ቃላት ነበሩን፤ ሁለቱም ተራ በተራ ወደ ስብሰባ ተወሰዱብን። ስለዚህ ልጅ «እስቲ የጓደኛህን ጭፈራ ገምግም» ሲባል ጉድለት ፈልግ የተባለ ይመስለዋል። ቢያገኝ ጓደኛውን ያስቀይማል፤ ባያገኝ ሥራውን አልሠራም። ይሉኝታ እየያዘው፣ እናቱም «ሰው ፊት ሰው አታሳፍር» እያለች ያሳደገችው ልጅ ምን ያድርግ? «ደስ ይላል» ይላል።

እኔ ከሁለቱም ይልቅ ሌላ ቃል እመርጣለሁ። ያገኘሁትም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። ድጓን በየአገሩ፣ በየመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ግእዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ለይቶ ዓመታት የተማረ ሰው በመጨረሻ ወደ ደቡብ ጎንደር፣ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል። የድጓ ምስክር ቤተልሔም ናትና። እዚያ ከመምህሩ ፊት ያዜማል፤ ይታረማል፤ ደግሞ ያዜማል። በቃህ ተብሎ ሲመለስ «አስመሰከረ» ይባላል። «ተፈተነ» ወይም «አለፈ» ሳይባል «አስመሰከረ» መባሉን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የድጓ ዜማ የራሱ ምልክት አለው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይተረካል። ምልክቱ በብራና ላይ እያለ፣ መጽሐፉ በእጅ እያለ፣ አሁንም የሰው ጆሮ ግድ ይላል። ምክንያቱም ዜማ ከአፍ ወጥቶ አየር ላይ የሚያልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰው ሰምቶታል፣ ስለ ሰማውም አፉን ሞልቶ ይናገራል የሚለው ብቻ ነው።

ምስክር በችሎትም ያለ ቃል ነው፤ ደግሞም ከዳኛ ይለያል። ዳኛ «ጥፋተኛ ነው» ወይም «ነፃ ነው» ይላል። ምስክር እንዲህ ቢል ዳኛው ያቋርጠዋል። ምስክር የሚለው «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ሲያደርግ አየሁት» ነው። የት ቆመህ አየህ? ምን ያህል ትርቅ ነበር? ብርሃን ነበር ወይ? እነዚህን ሁሉ ይጠየቃል። እነርሱ ሳይመለሱ ፍርድ የለም። እኛ ግን ልጆቻችንን በጭፈራ፣ በሙዚቃና በድራማ ፊት ስናስቀምጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዳኛ እናደርጋቸዋለን። አርባ ዳኛ፣ ምስክር አንድም የለም። ፍርዱም ከ10 ስንት የሚል ቁጥር ይሆናል።

ይህ በሥዕል ላይ ቢሆን ጉዳቱ ይቀላል። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ዛሬ አይቼ ብሳሳት፣ ሥዕሉ እዚያው አለ፤ ተመልሼ አይቼ ራሴን አርማለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣውም ያርመኛል። የተጨፈረ ጭፈራ ግን የት ሄዶ ይታያል? ልጆቹ «በስልክ እንቅረጸው» ይሉኛል። አንዳንዴ እፈቅድላቸዋለሁ። ያስተዋልኩት ግን የሚቀርጸው ልጅ ከሁሉም ያነሰ ማየቱን ነው። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ የሚያስበው ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ቪዲዮው ደግሞ ከአንድ ጥግ ያየውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ተጨዋቿ ከመጀመሯ በፊት የወሰደችው ረጅም ትንፋሽ፣ ክፍሉ ፀጥ ያለበት ቅጽበት፣ መስኮት ሥር የተቀመጠችው ልጅ እግሯ ሳታውቀው ምት መያዙ፣ እነዚህ ሁሉ እዚያ በነበረ ሰው ላይ ብቻ ይቀራሉ። ያ ሰው ካልተናገረ ነገሩ እንዳልነበረ ነው። ከባድ ዕዳ ነው፤ ልጆቹ የዚህን ዕዳ ክብደት እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን የዓለሙ አጋን በገና በድምፅ ማጉያ ከፈትኩላቸው። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከፊት የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ስፒከሩ ተበላሽቷል። ዝዝ ይላል።» ጥቂቶች ሳቁበት። እኔ ግን በዚያ ዓመት ከተሰጡኝ አስተያየቶች ሁሉ ይህን አከበርኩት፤ ልጁ ሰምቷልና። ሌሎቹ የበገና ስም ሲጠራ «መንፈሳዊ ነው» ብለው አቀርቅረው ነበር፤ ሰምተው ሳይሆን መከበር እንዳለበት ስለሚያውቁ። እሱ የሰማው እውነት ነው። በገና አሥር ጅማት አለው። ጅማቶቹ ከታች በሚያርፉበት ድጋፍ ላይ፣ በእያንዳንዱ ጅማት ሥር ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንዝራ ይሏታል። ጅማቱ ሲነካ ዝም ብሎ አይጮኽም፤ ቆዳዋን እየዳሰሰ ይርገበገባል። ያ ዝዝታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት እንዝራዋን ወደፊት ወደኋላ እያለ የሚደክመው ይህን ድምፅ እንዲያጠፋ አይደለም፤ በልኩ እንዲመጣ ነው። በገና ያለዚያ ዝዝታ ጅማት የተወጠረበት እንጨት ነው።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው፦ «የሰማኸው ትክክል ነው። ተበላሽቷል ያልከው ግን ፍርድ ነው፤ እሱን እናቆየው።» ምስክርነቱ እውነት ነበር፣ ፍርዱ ስሕተት። ብዙ ጊዜ እኛ መምህራን ፍርዱን ስናርም ምስክርነቱንም አብረን እንደመስሳለን። «ዝም በል፣ አልገባህም» የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ዝዝታውን ቢሰማም አልሰማሁም ይላል፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ በእውነትም አይሰማውም። አንድን ነገር ጎደለው ለማለት ነገሩ ምን መሆን እንደሚፈልግ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ እውቀት የሚገኘው ከሰሚው ልብ ብቻ አይደለም፤ ከሠሪው፣ ከመሣሪያው፣ ከአገሩ ልማድ ተጠይቆ ነው። ያ ልጅ ስለ እንዝራ ከሰማ በኋላም «እኔን ግን አሁንም አልተመቸኝም» አለኝ። ይህም መብቱ ነው። አሁን ግን የሚያወራው ስለ በገና ነው፤ ቅድም ስለ ስፒከር ነበር።

ይህን ትዕግሥት እኔ ራሴ የተማርኩት በሰው ላይ በድዬ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በምሠራበት ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ የባህል ውዝዋዜ ውድድር ነበረና ከዳኞቹ አንዱ ሆንኩ። ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ደቂቃ ተሰጥቷል። አምስት ልጃገረዶች በትግርኛ ጨዋታ ወጡ። ሁለቱ ከበሮ በትከሻቸው አንግተዋል። በክብ ሆነው፣ እግራቸውን መሬቱ ላይ እየጎተቱ፣ ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ። ዞሩ፤ ዞሩ። እኔ ያደግሁት ጎጃም ነው፤ ጭፈራ ለእኔ ትከሻ ነው፣ ደረት ነው፣ ከመጀመሪያው እንደ ብራቅ የሚወርድ ነገር ነው። ወረቀቴ ላይ «ጉልበት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ጨመርኩበት፦ «ምቱ ይወላገዳል።» ሦስት ደቂቃው ሲያልቅ ደወሉን መታሁ። ልጆቹ ቆሙ። ከበሮ የያዘችው አንደኛዋ እጇ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ወደ እኔ ያየችው አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋም። የቁጣ አልነበረም፤ ቃል ሲጀምር አፉን የያዙት ሰው አስተያየት ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ ሰርግ ላይ ያንኑ ጨዋታ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አየሁት። ክቡ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ሰው እየገባበት ይሰፋል፤ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ እስኪሰለች ድረስ ይዞራል። ድንገት ከበሮዎቹ ይፈጥናሉ። የሚዞሩት ቆመው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ያ ሁሉ ሲጠራቀም የቆየ ነገር በትከሻቸው ይወጣል። ዝግታው ለዚህ መዘጋጃ ነበር። እኔ ደወል የመታሁት ያቺ እጅ ከበሮው ላይ ልታርፍና ነገሩን ልትቀይር ስትል ነው። ምቱም አልተወላገደም። የትግርኛው ጨዋታ ከበሮ በአምስት ይሄዳል፤ የእኔ ጆሮ በስድስት የሚሄደውን ችክችካ ለምዶ ስድስተኛውን ሲጠብቅ አጣው። የጎደለው የእኔ ቆጠራ እንጂ የእነሱ ምት አልነበረም። እነዚያን ልጆች ፈልጌ ይህን ልነግራቸው አልቻልኩም። ምናልባት እስከ ዛሬ አገራቸው የሚጨፈረው ጭፈራ ጉልበት እንደሚጎድለው አምነው ይኖሩ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ከ10 ስንት በሚል ቁጥር ውስጥ ተደብቆ ሰው ልብ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም በየአገሩ ልማድ ይመዘን፣ ማንም በማንም ላይ አይናገር» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። ጆሮ ሁሉ ከአንድ አገር የመጣ ነው፤ አገር የሌለው ጆሮ የለም፤ ያ ማለት ግን ጆሮ አይጓዝም ማለት አይደለም። ያጠፋሁት ጎጃሜ ሆኜ በመስማቴ አልነበረም፤ ጎጃሜ ሆኜ እየሰማሁ መሆኔን ባለማወቄ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ አሁን የሚጽፉት ምስክርነት የመጀመሪያ መስመር ሁልጊዜ ስለ ራሳቸው ነው፤ የት ቆሜ አየሁ? «እኔ ጉራጌ ነኝ፤ የለመድኩት በእግር የሚጨፈረውን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው» ብሎ የጻፈ ልጅ አለ። «ከኋላ ስለተቀመጥኩ እግሩ አልታየኝም፤ የምናገረው ስለ ትከሻው ብቻ ነው» ያለችም አለች። የችሎቱ ጥያቄ ነው፤ የት ቆመህ አየህ? ይህን የመለሰ ምስክር ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ ይገኛል፤ ከየት እንደመጣ ይታወቃልና።

ደግሞ ሌላ ያስቸገረኝ ነገር አለ። ተቀምጦ፣ ዝም ብሎ፣ ከፊት ያለውን የሚመለከት ሰው ለእኛ አገር አዲስ ነው። በጥምቀት፣ በሰርግ፣ ማን ተቀምጦ ያያል? ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ይቀበላል፤ ተራው ሲደርስ ወደ መሐል ይገባል። አዝማሪ ቤት ብትገቡ ተመልካቹ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሳል። በዚያች ደቂቃ ማን ማንን እየመዘነ ነው? ግጥሙ ደካማ ከሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ድካሙም የሰጪው ነው እንጂ የአዝማሪው አይደለም። ቅኔ ላይም እንዲሁ ነው። ጥሩ ቅኔ ሲቀርብ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ። ወርቁ ሳይገባው «ይበል» ያለ ሰው ግን አጠገቡ ያለው ዞር ብሎ ያየዋል፤ «እስቲ ምስጢሩን ንገረን» ቢባል የሚገባበት የለውም። በእኛ ወግ ማድነቅ በነፃ አይገኝም፤ ያደነቀ ራሱን አስገምቷል።

ይህን ለልጆቹ በቃል ከመንገር በእጃቸው ያስተማርኳቸው አንድ ጊዜ ነው። አንዲት ልጅ እየጨፈረች ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭብላት ነበር፤ በጋለ ፍቅር፣ ግን እየፈጠነ። ዴስክ ላይ የሚመታላት ልጅ አንድ ምት ይዟል፤ አርባ ጥንድ እጅ ሌላ ይዟል። ልጅቷ መሐል ላይ ተቀደደች። አንዱን ስትከተል ሌላው ጣላት፤ በመጨረሻ ሳቅ ብላ አቋርጣ ተቀመጠች። «ተሳሳተች» አሉ። ስለ እሷ እንዳይጽፉ፣ ስለ እጃቸው እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። ክፍሉ ያን ያህል ፀጥ ብሎ አያውቅም። አንዱ የጻፈውን ይኸው አስታውሳለሁ፦ «ስለወደድኳት ቶሎ ቶሎ አጨበጨብኩ። እየሰማኋት አልነበረም።»

ድራማ ላይ ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ልጆች ድራማን ታሪኩ ነው ብለው ያስባሉ። «ምን አያችሁ?» ስላቸው «ሰውዬው ሚስቱን ከዳት፣ ከዚያ…» ብለው ታሪኩን ይነግሩኛል። ታሪኩን ማንም ሊነግረኝ ይችላል። ተዋናዩ ምን አደረገ? ለዚህ ከመድረክ ይልቅ ሬዲዮ ረዳኝ። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበበትን ቅጂ ሁለት ደቂቃ ያህል አሰማቸዋለሁና አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ የት ላይ ተነፈሰ? ሁለተኛ እንክፈተው ይላሉ። ሦስተኛ። ከዚያ አንዷ እጇን ታወጣለች፤ የባለ ርስቱን ድምፅ ጨርሶ ወደ አገልጋዩ ድምፅ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ዝም አለ፤ ያን ጊዜ ነው ሰው የተቀየረው። ፊት የለ፣ ልብስ የለ፣ መብራት የለ። በትንፋሽ ብቻ አንድ ሰው ወጥቶ ሌላ ሰው ገባ። ይህን በጆሮው የያዘ ልጅ ቴአትር ቤት ሲገባ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚገባው።

የፋቡላን ነገርም እነግራቸዋለሁ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ያንን የአውሬዎች ኮመዲያ ጽፈው ለመድረክ ሲያበቁ፣ በተረት አውሬዎች አፍ የዘመኑን አስተዳደር ይነካ ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትራችን ያገኘው ምላሽ እገዳ ነበር ማለት ነው። ልጆቹ ባለሥልጣኖቹ አልገባቸውም ነበር ይላሉ። እኔ በተቃራኒው ነው የማምነው፤ በደንብ ገብቷቸዋል። እዚያ አዳራሽ ከነበሩት ሁሉ ይበልጥ የገባቸው እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። የበደሉት በማስተዋል አይደለም። ያዩትን ተናግረው፣ ሌላውም ያየውን እንዲናገር አልፈቀዱም፤ ፍርዱን ሰጥተው የምስክሮችን ወንበር አነሡ። ብዙ አስተውሎ የሌላውን ዓይን የሚዘጋ ተመልካች፣ ምንም ሳያይ ከሚያጨበጭበው የሚሻልበት ነገር አይታየኝም።

ፍርድ አይኑር የምል ግን እንዳይመስላችሁ። በየሴሚስተሩ ሮስተር እሞላለሁ፤ ቁጥር እሰጣለሁ። መጥፎ ጭፈራ አለ። ኀዘን ሲሆን መጮኽ ብቻ የሚያውቅ ተዋናይ አለ። ክራሩን ሳይቃኝ ለመድረክ የቀረበ፣ ትዝታ ብሎ ጀምሮ ወዴት እንደሄደ የማይታወቅ ዘፋኝ አለ። «ሁሉም በራሱ መንገድ ጥሩ ነው» ብሎ ልጅን ማሳደግ፣ ልጁን ማታለል ነው፤ የለፋውንና ያልለፋውንም ማመሳሰል ነው። ልዩነቱ ፍርዱ ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ነው። አሥራ ሁለት ልጆች እርስ በርስ ሳይነጋገሩ፣ በየወረቀታቸው ላይ «እህትየዋ ስትሞት ተዋናዩ ሲጮኽ ዓይኔን ወደ መጋረጃው አዞርኩ» ብለው ከጻፉ፣ ከዚያ በላይ ምን ፍርድ ያስፈልጋል? ቁጥሩን እኔ ብጽፈውም ፍርዱን የሰጡት እነርሱ ናቸው፤ ተዋናዩም የቱ ላይ እንዳጣቸው ያውቃል። ደግሞ በተቃራኒው፣ አንድ ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር ይዣቸው ሄጄ ከተጻፈልኝ ሁሉ አንዱን አልረሳውም። ተዋናዩ በዚያ ትዕይንት አንድም ቃል አልነበረውም። ልጁ የጻፈው፦ «ደብዳቤውን ሲያነብ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። ፊቱን አላየሁም። ትከሻው ግን ቀስ ብሎ ወረደ፤ ያኔ ምን እንደተጻፈበት አወቅሁ።» ከዚህ በታች ቁጥር መጻፍ አፈርኩ።

አሁን አሁን ምስክርነቱን ጮክ ብለው፣ ለተጨዋቹ ፊት ለፊት እንዲሰጡ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ይሉኝታው አንቆ ያዛቸው። የረዳቸው እንደገና አማርኛው ነው። «አየሁሽ» የምትለው አንዲት ቃል ያየውንም የታየችውንም በአንድ ላይ ይዛለች፤ «ደስ ይላል» ውስጥ ሁለቱም የሉም። «አየሁሽ» ብሎ የጀመረ ልጅ መዋሸት ይከብደዋል፤ ማዋረድም ይከብደዋል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ የወሎ ጨዋታ ተጫውታ ስትጨርስ ክፍሉ እንደ ልማዱ ጮኸ። ጩኸቱ ሲበርድ፣ ብዙ የማይናገር አንድ ልጅ ከመሐል ተነሣ።

«ምቱ ሲፈጥን አየሁሽ፤ ግራ እጅሽ ቀሚስሽን ያዘ። እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ከዚያ በኋላ የቀኝ ትከሻሽ ብቻ ነበር የሚጨፍረው።»

«መቼ?» አለች፤ ተቆጥታ ሳይሆን፣ ግራ ገብቷት።

ልጁ ወደ ፊት ወጥቶ፣ እያፈረ፣ በራሱ ሱሪ ላይ እጁን አድርጎ አሳያት። እሷ ግራ እጇን ዘርግታ ጥቂት ጊዜ አየችው። «አላወቅሁም ነበር» አለች፤ ከዚያ ዴስክ ወደሚመታላት ልጅ ዞር ብላ «ከሚፈጥንበት ጀምርልኝ» አለችው።

ጀመረላት። ግራ እጇ ከቀሚሷ ርቆ ተነሣ። ክፍሉም ማጨብጨብ ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ቀስ ብሎ፣ የዴስኩን ምት እየሰማ።